ሲሚንቶ ፋብሪካ ወይስ ቶርኖ ቤት? ድሬዳዋ ላይ ኢንተርንሺፕ ለምትወጡ

ድሬ ላይ ሜካኒካል የምትማሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ይሄንን ነው።

ፋብሪካው ትልቁን ሥዕል ያሳያችኋል። የኖራ ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ እቶን ውስጥ እስከ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሎ ክሊንከር (ገና ያልተፈጨ የሲሚንቶ እንክብል) ሲሆን፣ ከዚያም ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ስታዩ ክፍል ውስጥ የተማራችሁት የሙቀት ትምህርት ነፍስ ይዘራል። ግን ማሽን አያስነኳችሁም። ልክም ናቸው፣ አንድ ስህተት መስመሩን በሙሉ ሊያቆም ይችላል።

ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን እየተሽከረከረ የሚቀረጽበት ወርክሾፕ፣ ሌላ ዓለም ነው። ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) የተሰበረበት ባለመኪና ድሮዊንግ ይዞ አይመጣም፤ እናንተው በካሊፐር ለክታችሁ፣ ወረቀት ላይ ነድፋችሁ፣ ከባለሙያው አጠገብ ቆማችሁ ታወጡታላችሁ። በ0.05 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ቤሪንጉ (ኩሽኔታው) እሺ ብሎ አይገባም፣ በቃ፣ ያኔ ነው ቶለራንስ (የሚፈቀደው የልኬት ልዩነት) ምን እንደሆነ የሚገባችሁ! ችግሩ ሪፖርታችሁን አይቶ የሚያርም ኢንጂነር ላይኖር ይችላል፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም ራሳችሁ ግዙ።

እኔን ካላችሁ፣ ማሽን ነክቶ የማያውቅ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ይግባ። ፋብሪካ የደረሳችሁ ደግሞ ቢሮ እንዳትቀመጡ፤ ጥገና ክፍል መድቡን ብላችሁ ለምኑ። ማሽን ተፈቶ የሚታየው እዚያ ነው።