ቡላን ያገኘሁበት የውሻ መጠለያ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ

ጎጃም ውስጥ የምትኖሩና ውሻ ለማሳደግ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አስተያየት የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ በኩል፣ አንዲት እናት በግቢያቸው ውስጥ የከፈቱት የውሻ መጠለያ አለ። የመንግሥት አይደለም፤ የውጭ ድርጅትም እጁ የለበትም። ያቆሙት እሳቸው፣ አንድ ወጣት ረዳትና በነጻ የሚያግዛቸው አንድ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ስሙንና ትክክለኛ ቦታውን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ የለመኑኝ ራሳቸው ናቸው። አድራሻው በወጣ ቁጥር ሰው በሌሊት ቡችላ በካርቶን አምጥቶ በራቸው ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከልቡ የፈለጋቸው ሰው ግን ከተማው ውስጥ ካሉ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ጠይቆ ያገኛቸዋል።

እኔ ዳንግላ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጨርቅ ልገዛ እመላለሳለሁ። ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ማታ ማታ ጅብ አጥራችን ድረስ ይመጣል። እናም ለጥበቃ የሚሆን ውሻ ነበር ፍላጎቴ። ይዤ የተመለስኩት ግን ሰው ባየች ቁጥር ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ፣ ጎኗ ላይ ጸጉር የሌላት፣ ገና ከሕመሟ የምታገግም ሴት ውሻ ነው። ስሟ ቡላ ነው። ይህን ምርጫ ደግሜ እንድመርጥ ብጠየቅ ያንኑ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ደግሞ መጠለያው የሠራው ሥራ ነው።

የመጠለያው ትልቁ ነገር ምንም አለመደበቁ ነው። ቡላን ጠቁሜ «ይቺስ?» ስላቸው እትዬ ወዲያው አልሰጡኝም። በርጩማ አቀረቡልኝና «ልጄ፣ እኔ ውሻ አላሻሽጥም። ያለባትን ሁሉ እነግርሻለሁ። ከዚያ መውሰድ አለመውሰዱን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ከዚያም አንድ በአንድ ነገሩኝ።

መጀመሪያ እከኩ ነው። ቆዳ ውስጥ በሚገቡ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች የሚመጣ ነው። ሰውንም ለጥቂት ጊዜ ያሳክካል፤ ስለዚህ እስኪለቃት ድረስ ለብቻዋ ነበረች። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ገበሬው ለከብቱ የሚያውቀው ያው መርፌ። ሐኪሙ ግን አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ነገር አለ። ለውሻ የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ነው። ለበሬ የተዘጋጀውን በግምት መውጋት ውሻን ሊገድል ይችላል። ይህን የጻፍኩት በየሰፈራችን «እኔ እወጋልሻለሁ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ቡላ መንገድ ላይ ስትገኝ ከብልቷ ደም ይንጠባጠብ ነበር። ሰው ሁሉ ወንድ ፈልጋ ነው ብሎ አልፏታል። ነገሩ ግን እጢ ነበር። ከውሻ ወደ ውሻ፣ በብዛት በግንኙነት፣ አንዳንዴም በመላላስና በማሽተት የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ነው። የሚገርመው የሚተላለፈው ተሐዋሲ አይደለም፤ የእጢው ሕዋስ ራሱ ነው ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ተሻግሮ የሚበቅለው። ሰውን አይዝም። ካንሰር ሲባል ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስላል እንጂ ይህኛው በደንብ ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባል፣ ለሰው ካንሰርም የሚሰጥ መድኃኒት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣታል። ብዙዎቹ ውሾች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናሉ።

ችግሩ መርፌው ላይ ነው። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ውሻዋ ፍንክች ማለት የለባትም። ሰው ሲጠጋት የምትንቀጠቀጥ ውሻ እንዴት አድርጋ ጸጥ ትላለች? አንዱን መርፌ ቆሜ አይቻለሁ። ረዳቱ ልጅ አልታገላትም፤ አፏንም አላሰረም። አሮጌ ነጠላ አምጥቶ ዓይኗ ላይ ጣል አደረገላት። ከዚያ ጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጁን አንገቷ ሥር አስገብቶ፣ በለሆሳስ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላት ጀመር። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የፊት እግሯን ጸጉር ላጨ። ትንፋሿ እስኪረጋጋ ሁሉም ጠበቁ። ማንም አልቸኮለም። መርፌው ከገባ በኋላም መድኃኒቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ የልጁ እጅ ከቦታው አልተነቃነቀም። ገንዘብ ተከፍሎበት እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የምናገኘው ስንት ቦታ ነው?

ሦስተኛው ፍርሃቷ ነው። እትዬ ከሕመሟ ይልቅ ስለ ፍርሃቷ ነው ረዘም ያለ ጊዜ ያወሩኝ። ቡላ የምትፈራው ሁሉንም ሰው በእኩል አይደለም። የምትፈራው ዱላ ነው። እንግዲህ የጎጃም ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም። ትከሻው ላይ ያጋድመውና ሁለት እጁን ጣል ያደርግበታል። ለእኛ የወንድነት ጌጥ ነው፤ መንገድ መመርኮዣም ነው። ለእሷ ግን ጎድኗን የሰበረው ነገር ነው። ሐኪሙ በግራ ጎኗ ተሰብሮ ጠምዘዝ ብሎ የገጠመ አጥንት በእጄ አስዳስሶኛል። ስለዚህ እትዬ የጠየቁኝ ጥያቄ ስንት ብር አለሽ የሚል አልነበረም። «ቤትሽ ዱላ የያዘ ወንድ ይገባል ወይ?» ነበር ያሉኝ። እኔ ጋ የሚመጡት ልብስ የሚያሰፉ ሴቶች ናቸው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ከእኔ በፊት እህል ወፍጮ ያለው አንድ ሰውዬ ጠይቋቸው ነበር። ደግ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ግቢው ዱላ ይዞ የሚገባና የሚወጣ ገበሬ አይጠፋውም። በትሕትና እምቢ አሉት። መጠለያ እምቢ ማለት ሲችል ነው የማምነው።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። አጥሩ ምን ይመስላል? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ባሕር ዳር ስመጣ ማን ያበላታል? በጾም ምን ልትበላ ነው? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የእኛ አገር ጥያቄ ናት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ሳንባና አጥንት ከየት ይመጣል? እሳቸው በጾም ወራት ከጣና ዓሣ አጥማጆች የዓሣ ጭንቅላት ይቀበላሉ። አጥንቱ እስኪላቀቅ ይቀቅሉታል፣ ያጠሉታል፣ መረቁን በእንጀራ ፍርፋሪ ያቀርቡታል። ከቤት የተረፈ ወጥ ግን በፍጹም እንዳልሰጣት አደራ አሉኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰባብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስንቱ የግቢ ውሻ ሽንኩርት የበዛበት ትርፍራፊ እየበላ ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ቡላን በአንድ ጊዜ አልሰጡኝም። ጨርቅ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ጎራ እያልኩ ግቢው ውስጥ እንድቀመጥ አደረጉኝ። መመሪያው ቀላል ነበር። ዓይን ለዓይን አትያት። ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ። እጅሽን ጭንቅላቷ ላይ አታንዣቢ። ካዛጋች ወይም ከንፈሯን ደጋግማ ከላሰች እንቅልፍ ወይም ረሃብ እንዳይመስልሽ፤ ጭንቀቷ ነው፤ ራቅ በይላት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁልፍ እተክል ነበር። አንድ ቀን መጥታ የቀሚሴን ጫፍ አሸተተች። እትዬ ከወዲያ ሆነው በእጃቸው «ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ስለ ክትባቷም ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ከትበው ካርዷን በእጄ ሰጥተውኛል፤ በየዓመቱ ይደገማል። እናቴን ያሳመናት ይህ ካርድ ነው፤ የፈራችው ይህንኑ በሽታ ነበርና። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች 99ኙ ድረስ በውሻ የሚመጡ ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው ይሞታል ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ለእናቴ በስልክ ያስረዳት እንዲህ ነው። ማንኛውም ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም ይሮጣል፤ የሚገድለው ያ የባከነ ጊዜ ነው።

ቡላን ይዤ የመጣሁት የመጨረሻ መርፌዋን በተወጋች ማግስት ነው። ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም ስላሉ ባዶ የቢራ ሣጥን የጫነ አይሱዙ ለምኜ ነው የመጣነው። እሷ ከላዩ ጆንያ በለበሰ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ እኔ ከጎኗ። ለጥቂት ቀናት ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን በጓንት እንዳጸዳ ነግረውኝ ነበር፤ መድኃኒቱ በዚያ በኩል ይወጣልና። ጓንቱንም እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትነካውም ጭምር ነግረውኛል። ደንበኞቼ መሀል ነፍሰ ጡሮች ስላሉ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ቤት ስትገባ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ገባች፤ አልወጣችም። የሲንጀሩ ድምፅ ያስደነግጣታል ብዬ ነበር፤ እሱን ጭራሽ ከቁብ አልቆጠረችውም። እትዬ ማታ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ። በላች? ሸናች? ወጣች? «ገና ናት» ስላቸው «እሰይ፣ ተያት፤ ቤቱን እየለካች ነው» ይሉኛል።

እውነተኛው ፈተና አጎቴ ለገበያ ከገጠር የመጣ ዕለት ነው። እትዬ አስቀድመው መክረውኝ ስለነበር በር ላይ ጠበቅሁት። «ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፤ ዱላውን እዚህ ይተዉልኝ» አልኩት። «ምነው ልጄ፣ ለውሻ ብዬ?» አለ፤ ቅር አለው። ቢሆንም አጥሩ ላይ አስደግፎት ገባ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጎኗ የተሰበረበትን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከያዘው ዳቦ ቆረስ አድርጎ፣ ሳያያት፣ ወለሉ ላይ አኖረላት። ቆይታ በሆዷ እየተሳበች ወጣች፤ ቁራሹን ነጥቃ ተመለሰች። አጎቴ ሌላ ቆረሰ፤ ቀረብ አድርጎ አኖረው። በሦስተኛው ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ እዚያው ቆማ በላች። «ይቺን የመታ እጁን ይቁረጠው» አለ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ዱላውን ማንም ሳይነግረው አጥሩ ላይ ትቶ ይገባል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ቡላ ለመጮኽ ወራት ወስዶባታል። አሁን ጅብ ሲመጣ ድምጿ ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ጸጉሯም ሞልቷል።

ቅር ያሰኙኝም ነገሮች አሉ። ስልካቸው ቀን ቀን አይነሳም። ማጓጓዣ የላቸውም፤ ከባሕር ዳር ውጭ የምንኖር ሰዎች ራሳችን ነን የምንንገላታው። ማምከኑን ለወሳጁ ነው የሚተዉት። ይህ ከባድ ነው፤ በየወረዳው ያለው የእንስሳት ሕክምና በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፈረስ የተሰናዳ ነው። ቡላን ለማስመከን መልሼ ባሕር ዳር መውሰድ አለብኝ። ምክሩም ሁሉ በቃል ነው። እኔ የደንበኛ ልኬት በምጽፍበት ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው ያተረፍኩት። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተው ለእያንዳንዱ ወሳጅ ቢሰጡ ብዙ ውሻ ይጠቀማል፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬውኑ የሚጮኽ ዘበኛ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቦታ አይሆንም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤትም ፈሪ ውሻ አይሰጡም፤ ስለ ሌሎቹ ውሾች ግን ጠይቁ። ስትሄዱ ጠዋት፣ ውሾቹ ከበሉ በኋላ ሂዱ። ብር አይጠይቁም። ጓንት፣ አሮጌ ጨርቅና ሳንባ ብትይዙ ግን ደስ ይላቸዋል። ከፊት ያሉት ቡችሎች ቶሎ ቶሎ ይወሰዳሉ፤ ከኋላ ያሉትን አሳዩን በሏቸው። ባለፈው ስሄድ የኋላ እግሩን የሚያነክስ አንድ ጥቁር ወንድ ውሻ እዚያ ነበር። እከኩ ድኗል፤ ተከትቧል፤ የሚፈራው ሞተር ሳይክል ነው። ከአስፋልት ራቅ ያለ፣ ጸጥ ያለ ግቢ ያለው ሰው ካለ እትዬን ስለ እሱ ይጠይቃቸው።