«ልቤ ነገረኝ» በሥልጠና፦ የደሴው የስምንት ቅዳሜ ትምህርት ያዋጣል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ በተከራየ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጠው የአእምሮ ንቃት ሥልጠና ሁለት ነገር እሰጣለሁ ይላል፦ ልብ የሚነግረንን መስማትና በራስ መተማመን። የመጀመሪያውን ግማሽ በግማሽ ያደርሳል፤ ሁለተኛውን ባይነካው ይሻለው ነበር። ከሁለቱም በፊት የሚያስተምረው ቀልብን መሰብሰብ ግን ማስታወቂያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቢሆንም ዋናው ዕቃ እሱ ነው።

የሥልጠናው አጽም የተወሰደው ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች ከጀመሩት የስምንት ሳምንት ፕሮግራም ነው። ያ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ የቤት ልምምድና አንድ ሙሉ የዝምታ ቀን አለው። ደሴ ላይ ክፍለ ጊዜው ሁለት ሰዓት፣ የቤቱ ልምምድ 20 ደቂቃ ሆኗል፤ የዝምታው ቀን ቀርቷል። ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው 20 ደቂቃው ይበቃል፤ 45 ተብሎ በሦስተኛው ቀን ከሚተው የተሻለ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ልምምድ የሚሠራው በገብስ ቆሎ ነው። ሌላው ዓለም በዘቢብ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ዘቢቡ በቆሎ ፍሬ መተካቱን ወደነዋል። ሦስት ፍሬ ቆሎ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ በዓይን ይታያል፦ መሐሉ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ያረረው ጫፍ፣ ሳይለቅ የቀረው ገለባ። ከዚያ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ሳይታኘክ ምላስ ላይ ይቆያል፤ በመጨረሻ በአንድ ጎን ጥርስ ቀስ ተብሎ ይሰበራል። ሁሉም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚበላሸው መልሱ ላይ ነው። «ምን ተሰማችሁ?» ሲባል «ደስ ይላል»፣ «ልጅነቴን አስታወሰኝ» የሚለው ይበዛል። እነዚህ አእምሮ የጨመራቸው ናቸው። የሚፈለገው «ጫፉ ድዴን ወጋኝ»፣ «ገና ሳላኝከው ምራቄ መጣ» ዓይነት መልስ ነው። አሠልጣኟ ይህን እዚያው በዚያው ያርማሉ፤ ካየነው ሁሉ ጎበዝ የሆኑበት እዚህ ላይ ነው።

የትንፋሽ ቆጠራውም በደንብ ተሠርቷል። ወደ ውጭ በወጣ ትንፋሽ ሁሉ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከጠፋ ከአንድ ይጀመራል። ብዙው ሰው መጥፋቱን እንደ ውድቀት ይይዘዋል። ልምምዱ ግን «ሐሳቤ ሄዷል» ብሎ የነቁባት ቅጽበት ናት፤ ሃያ ጊዜ የጠፋበት ሃያ ጊዜ ተለማመደ ማለት ነው። ራስ የሚያዞረው ወይም ጣት የሚደነዝዘው ሰው ትንፋሹን እየገፋ ነው፤ እንዳመጣጡ ሊተወው ይገባል።

በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በሐሳብ መፈተሹ ላይ ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ጋቢ ይያዝ። ከምሳ በኋላ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል፤ ወንበር ላይ ሆኖ መሥራት ይቻላል፣ ማንም አይቆጣም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መነገር አለበት። በዚህ ልምምድ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» የሚባለው ለሁሉም ነው። የ2014ቱ ጦርነት ባለፈበት ከተማ ይህ ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ክፉ ነገር ያየ ሰው በጸጥታ ውስጥ ዓይኑን ሲጨፍን ምስሉ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዓይንን ገልጦ ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ማየት፣ እግርን ወለሉ ላይ መጫን፣ ካስፈለገም መውጣት ነው። ቅዠቱ ቤት ድረስ ከተከተለ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ (በቀድሞ ስሙ ሪፈራል) ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

በአራተኛው ቅዳሜ የልብ ምት ቆጠራ ይመጣል። ደም ሥር ሳይነኩ በ25፣ በ35 እና በ45 ሰከንድ ውስጥ ልብ ስንት ጊዜ እንደመታ መቁጠር ነው፤ ራይነር ሻንድሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ ነው። ጎን ያለው ሰው በእጅ አንጓ ይቆጥራል። 40 መትቶ 30 ከቆጠሩ ነጥቡ 0.75 ይሆናል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ችግሩ ውጤቱ «የውስጠ-ስሜት ደረጃ» ተብሎ መታደሉ ነው። ልቡ በደቂቃ 70 ገደማ እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው ምንም ሳይሰማው በግምት ብቻ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ቢሰማውም እንኳ፣ ምትን መስማት ማንን ማመን እንዳለብን አይነግርም።

«ልቤ ነገረኝ» መቼ ይታመናል ለሚለው የተሻለ መልስ የሰጡት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህኔማንና ጌሪ ክላይን ናቸው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ነገሩ ሥርዓት ያለው ይሁን፣ ሰውየውም ደጋግሞ ሞክሮ ውጤቱን ቶሎ ያየ ይሁን። ሰኞ ገበያ እህል ሲገዙ የኖሩ ነጋዴ ስንዴውን በጥርስ ነክሰው «ይህ እርጥብ ነው» ቢሉ ልባቸው የሚታመነው ለዚህ ነው፤ ከተሳሳቱ ጆንያው ሳይውል ሳያድር ያጋልጣቸዋል። የከርሞን የዶላር ዋጋ በልቡ የሚተነብይ ግን ከየት ተማረው?

ሥልጠናው ይህን አያነሳም፤ ለሠልጣኞች የሚሰጠው ደብተር ግን ሳያውቀው ይሠራዋል። ሦስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ልቤ ያለው፣ የሆነው። በማስመሪያ አራተኛ ይጨመርበት፦ እርግጠኝነት፣ ከ0 እስከ 100። «ዛሬ ደንበኛው አይከፍልም፣ 80» ተብሎ ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት ይጻፋል። ከሆነ በኋላ የተጻፈ ዋጋ የለውም፤ ሁላችንም «አውቄው ነበር» እንላለንና። መስመሩ ሲበዛ 80 የተባሉት ብቻ ይለቀማሉ። ከአሥሩ ስምንት ያህል ከደረሱ ያ ልብ በዚያ ጉዳይ ይታመናል። በሁሉም መስመር ላይ «አይሆንም» ብቻ የሚነበብ ከሆነ የሚናገረው ስጋት ነው።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቅዳሜ ወደ በራስ መተማመን ይዞራሉ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ይላላል። የሚታደለው ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት የሚለካ መጠይቅ ነው፦ አሥር ዐረፍተ ነገር፣ አራት ምርጫ፣ ከ0 እስከ 30 ነጥብ። አምስቱ ዐረፍተ ነገሮች አሉታዊ ስለሆኑ ነጥባቸው መገልበጥ አለበት። በታደለው ወረቀት ላይ አልተገለበጠም። ለሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ያለ ሰው ትክክለኛው ድምሩ 15 ሆኖ ሳለ 30 ወጥቶለት እየፈነጠዘ ይሄዳል።

ከዚያ መስታወት ፊት «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ መደጋገም አለ። ጆአን ዉድና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ይበልጥ ከፋቸው። ውስጣቸው «ውሸት!» እያለ ይከራከራልና። ምትኩ ከቆሎው ልምምድ ጋር የሚሄድ ነው፤ «አልረባም» የሚለውን «አልረባም የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብሎ መጻፍ፣ ከሥሩም በዚያ ቀን የተሠራውን አንድ ነገር ማስፈር። ስምንተኛው ቅዳሜ የምስክር ወረቀትና ፎቶ ነው።

ለዐስር ሶላት ዕረፍት አላቸው፣ ይህ ይመሰገናል። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ሳይመሽ መውረድ ስለሚፈልግ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ታመልጠዋለች፤ ጥያቄና መልስ ብቻ ናት። ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለተኛው የሚጠየቀው በአምስተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ቆሎው፣ ትንፋሹና ደብተሩ ተሰጥተዋል። የመጀመሪያውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ይዞ መውጣት ይቻላል።