ለተራራ ጉዞ የቆዳ ጫማ፦ በክር የተሰፋው ወይስ በማስቲሽ የተጣበቀው?

ለእግር ጉዞ ጫማ ሊገዙ የተነሡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሶሉ በክር የተሰፋው ወፍራም የቆዳ ጫማ በማስቲሽ ከተጣበቀው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ የሚሸጠው ለምንድን ነው፣ ልዩነቱስ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣል ወይ? በድንጋያማ መንገድ ላይ ሸክም ይዞ ዘወትር ለሚጓዝ ሰው ያወጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም በአብዛኛው የዋጋ ምክንያት ነው።

የተሰፋው ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ስፌቱ ተፈትቶ በአዲስ ሶል ይቀየርለታል፤ የተጣበቀው ግን ብዙ ጊዜ ከሶሉ ጋር ይጣላል። የተሰፋው የተጣበቀውን ሁለት እጥፍ ያወጣል፣ ሶሉን ማስቀየር ደግሞ የዚሁ የተሰፋውን ጫማ ዋጋ ሩብ ይጠይቃል እንበል። የመጀመሪያው ሶል እስኪያልቅ ድረስ የተጣበቀውን የገዛው ሰው አትራፊ ነው። በሁለተኛው ሶል ልዩነቱ ይጠብባል፤ በሦስተኛው የሁለቱ ወጪ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው ለቅየራ ብቻ እየከፈለ ሲቀጥል ሌላው በየጊዜው አዲስ ጫማ ይገዛል። የቅየራው ክፍያ ሳይለወጥ የጫማው ዋጋ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን ወጪዎቹ የሚተካከሉት በአምስተኛው ሶል ላይ ስለሆነ፣ ከሁለት እጥፍ እጅግ የራቀ ዋጋ ሲጠየቁ የሚከፍሉት ለቆዳው ነው ወይስ ለስሙ ብለው ይመርምሩ። ከመግዛትዎ በፊትም ሶሉን የሚቀይር ባለሙያ መኖሩንና የሚያስከፍለውን ይጠይቁ፤ ቀያሪ ከሌለ የስፌቱ ዋና ጥቅም ይጠፋል።

ይህ ስሌት የተጣበቀው ጫማ ሶሉ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል በሚል ቸርነት የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ አይቆይም። የአንድ ወዳጄ ጫማ ቆዳው ጭረት አልነበረበትም፣ የሶሉም ጥርስ ገና አልተበላም፤ ለዓመታት በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ግን ቁልቁለት ስንጀምር የቀኙ ሶል ከተረከዙ በኩል ተላቀቀ። በታችኛው ጎማና በላይኛው ቆዳ መካከል ያለውን መካከለኛ ንጣፍ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህ ንጣፍ ፖሊዩሬታን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ ነበር፤ ፖሊዩሬታን በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ቀስ በቀስ ስለሚበሰብስ፣ ጫማው ባይደረግም እንኳ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ዋጋው በጣም የተቀነሰ ጫማ ሲያዩ የተመረተበትን ጊዜ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በምላሱ ውስጥ ባለው መለያ ላይ ይጻፋል። ከተሰፉትም መካከል ይህ ንጣፍ ያላቸው ስላሉ፣ መካከለኛ ንጣፉ ከጎማ ወይም ከቆዳ የሆነውን ይምረጡ።

የቆዳው ነገር ከሶሉ ያላነሰ ማታለያ አለበት። «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ አይናገርም፤ ከቆዳው የታችኛው ክፍል ተሰንጥቆ በላዩ ፕላስቲክ የተቀባውም ይኸው ጽሑፍ ይለጠፍበታልና። የሚፈለገው የላይኛው የቆዳ ገጽ ሳይፋቅ የቀረበት፣ ውፍረቱም ከ2.4 እስከ 2.8 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቆዳ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ያልተፋቀው ቆዳ ደቃቅ መስመሮች ያወጣል፤ የተቀባው ግን ሰፋ ብሎ ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮም ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ይሰነጠቅና ይላጣል። የምላሱ ወይም የአንገቱ ጫፍ የተቆረጠበትን ቦታ ቀረብ ብለው ሲያዩ በሻካራ የቆዳ ቃጫ ላይ የተለጠፈ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ከታየዎት ጫማውን መልሰው ያስቀምጡት።

ስፌቱንም ያስመስሉታል። በጫማው ዙሪያ በሚዞረው ጠርዝ ላይ የሚታየው ክር አንዳንዴ ከጎማው ጋር አብሮ የተቀረጸ ጌጥ ብቻ ነው። በጥፍር ሲነኩት ክር መሆኑ፣ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱና ጠርዙን ከላይኛው ቆዳ በትንሹ ሲያራርቁት የውስጡ ስፌት ብቅ ማለቱ ይለየዋል። የሶሉም አርማ እንዲሁ ነው፤ ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ በ1935 በአልፕስ ተራራ ስድስት ጓደኞቹ ከሞቱ በኋላ ያበጀው የቪብራም ሶል ስመ ጥር በመሆኑ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቢጫ አርማ በሐሰት ይለጠፋል። አርማውን ትተው ጎማውን በጥፍር ይጫኑት፤ ፕላስቲክ የመሰለ ደረቅ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል።

የተጣበቀው ጫማ ቀላል ነው፣ ከመጀመሪያው ቀንም ይመቻል፤ የተሰፋው ግን እግር እስኪለምደው ሳምንታት ይወስዳል። ውኃ የማያስገባው የጎር ቴክስ ገበርም በመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተረከዙ ጋ ከተቀደደ በኋላ አይጠገንም፣ ከላይ ውኃ ከገባበትም ቶሎ አይደርቅም፤ እኔ በሰም በደንብ የታሸ ወፍራም ቆዳን እመርጣለሁ።

ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ በወፍራም ካልሲ ይለኩ። ቆዳ ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም፤ ጎኑን ትንሽ የሚይዝ ጫማ ይለቃል፣ ቁልቁለት ላይ ጣትን የሚነካው ግን እንደ ነካ ይኖራል። ከገዙ በኋላም ሶሉ ተበልቶ ጠርዙን ከመንካቱ በፊት ያስቀይሩት፤ ጠርዙ ከተጎዳ ክፍያው በእጅጉ ይጨምራል።

ገንዘቡ ለአዲስ የማይበቃ ከሆነ፣ ከአዲስ የተጣበቀ ይልቅ ያገለገለ የተሰፋ ጫማ ይፈልጉ። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ቆዳው ከተሰነጠቀ ይተዉት፤ ያለቀው ሶሉ ብቻ ከሆነ የቅየራውን ክፍያ ከዋጋው ላይ አስቀንሰው ይግዙት።