የሰሊጥ ላዱ፦ ስታዲየም አካባቢ ያለው የህንድ ቅመም ሱቅ

ሱቁ ከገና ማግሥት ጀምሮ የሰሊጥ ላዱ (የተድቦለቦለ የህንድ ጣፋጭ) ማውጣት ይጀምራል። ወቅቱ ልክ ነው። ህንዶች ፀሐይ ወደ ጀዲ ኮከብ የምትገባበትን ማካር ሳንክራንቲን የሚያከብሩት አብዛኛውን ጊዜ ጥር 6 ላይ ነው፤ ሰሊጥና ጉር (ያልተጣራ የአገዳ ስኳር) የበዓሉ ዋና ምግቦች ናቸው።

ላዱው ሊገዛ የሚገባው ነው። ሰሊጡ በልኩ ተቆልቷል፤ ትንሽ ቢያልፍበት ይመር ነበር። ጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ መሆኑም ደግ ነው፤ በጣም የነጣ ቢጫ ጉር ብዙ ጊዜ ኬሚካል የገባበት ነው። ጥንካሬው ከጭቆ ትንሽ ይበልጣል እንጂ ጥርስ አይፈትንም።

ቺኪው (የሰሊጥና የጉር ስስ ቁራጭ) ግን ከሽፏል። በስስ ተዳምጦ የሚቆረጥ ስለሆነ ቀጭ ብሎ መሰበር ሲገባው ጥርስ ላይ ይጣበቃል። የቀለጠው ጉር ቶሎ ከእሳት ወርዷል ማለት ነው። ጠብታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለላዱ ለስላሳ ኳስ መሆን፣ ለቺኪ ደግሞ ተሰባሪ መሆን አለበት።

ካርቶኑ ላይ «ጉንፋን ያድናል» ተብሎ ተለጥፏል። አዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) እንዲህ አይልም። በብርድ ወራት የምግብ መፍጫው እሳት (አግኒ) ስለሚበረታ ከበድ፣ ቅባትና ጣፈጥ ያለ ምግብ ይስማማል፤ ሰሊጥ ሰውነት ያሞቃል፣ ድርቀት ያለዝባል ነው የሚለው። ሙቀት ሲመጣ ይቀነስ የሚለውም ይኸው ትምህርት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» በሚለው አይታለል፤ ጉርም ስኳር ነው።

ቤት ለሚሠራ ሱቁ ጥሬውን ይሸጣል። ለ250 ግራም ሰሊጥ 200 ግራም ጉር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ይበቃል። ሰሊጡን በቀስታ እሳት እያማሰሉ መንጣጣት እስኪጀምር መቁላት፣ ከቀለጠው ጉር ጋር መለወስ፣ እጅን ውሃ እየነካኩ በትኩሱ ማድቦልቦል ነው። ከቀዘቀዘ አይያያዝም፤ መልሶ በስሱ ማሞቅ ያድነዋል። ሻጮቹ «የእናንተ ቅቤም ይሆናል» ይላሉ፤ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት የወጥ ቅቤ ግን ጣዕሙን ይገለብጠዋል። ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ይሁን።

ለጾም ቀን የሚገዛ ቅቤ እንዳለው ይጠይቅ፤ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ባንኮኒው ላይ ክፍት ትሪ ውስጥ ያለውን መተው ይሻላል፤ ከአጠገቡ የተቀመጠው ሂንግ የሚባል ኃይለኛ ቅመም ሽታ ገብቶበታል።