የማዲባ ጎሳ ሰሌዳ፦ ህትመቱ ጥሩ፣ ጽሑፉ ግን የተሳሳተ

በደቡብ አፍሪካ በኢንተርኔት ከሚሸጡት የጎሳ ስም ሰሌዳዎች አንዱ ይህ በኤ3 ወረቀት ታትሞ፣ በእንጨት ፍሬም የሚመጣው የማዲባ ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ አያብለጨልጭም፤ ፊደሉ ከሳሎን ማዶ ይነበባል። ችግሩ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው።

በኢሲኮሳ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ኢሲዱኮ፣ ማለትም የጎሳ ስም፣ ከቤተሰብ ስም ይበልጣል። የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ በቅኝ ግዛት ምዝገባ ጸንቶ የቀረ የአያት ወይም የቅድመ አያት ስም ነው፤ «ማንዴላ» ራሱ የኔልሰን ማንዴላ አያት ስም ነበር። የማንዴላ ጎሳ የሚጠራበት ማዲባ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገዛ የቴምቡ ሕዝብ አለቃ ነው። ሰውን በኢሲዱኮው መጥራት ማክበር ነው፤ ሲያመሰግኑትም ስሞቹን በተርታ ያወርዱለታል፦ ማዲባ፣ ድሎሞ፣ የምየም፣ ቬላ ቤምቤንጸሌ፣ ሶፒጮ፣ ንቆሎምሲላ፣ ዞንድዋ።

ሰሌዳው ይህን ተርታ በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል ደርድሮታል፤ ድሎሞ ከላይ፣ ማዲባ ከሥሩ። ይህ በአፍ የሚወርድ ቃል ነው፤ ቦታው ሲቀያየር የለመደ ሰው ምላሱ ይሰናከላል። ይባስ ብሎ «ቬላ ቤምቤንጸሌ»ን በሁለት መስመር ከፍሎ የሁለት ሰው ስም አስመስሎታል።

በሰሌዳው ላይ ያለው የታሪክ አንቀጽ ማዲባን በስህተት የፓሎ ዘር ያደርገዋል። ፓሎ የጋሌካና የራራቤ አባት፣ የኮሳ ንጉሥ ነው። ቴምቡዎች ቋንቋቸው ኢሲኮሳ ቢሆንም የራሳቸው ነገሥታት ያሏቸው ሕዝብ ናቸው። ስህተቱ የሚመጣው «ኮሳ» ለቋንቋውም ለሕዝቡም አንድ ስም በመሆኑ ነው።

ለባልና ሚስት የሚሸጠውን ዓይነት ፈጽሞ አይግዙ። ሚስትን በባሏ ጎሳ ሥር ይጽፋታል፤ የኮሳ ሴት ግን አግብታም የአባቷን ኢሲዱኮ አትለቅም። ዊኒ ማዲኪዜላ ማንዴላን ካገባች በኋላም ማንጉትያና ነበረች፤ «ማ» የሴት ልጅነት ምልክት፣ ንጉትያና ጎሳዋ። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ኢሲዱኮ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል ይወስናል።

ሻጩ የራስን ጽሑፍ አስገብቶ ማሳተምም ይፈቅዳል፤ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ዓይነቱ ብቻ ነው። በቤተሰብ ስም ተነስተው ጎሳ አይገምቱ፤ አንድ የቤተሰብ ስም በተለያዩ ጎሳዎች ውስጥ ይገኛል። በአባት ወገን ያለው ትልቅ ሰው ስሞቹን በተርታ ሲያወርዱ በስልክ ይቅዱና ከቅጂው ይጻፉ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የመቃብር ድንጋይ የሚጠቅሙት ለማመሳከሪያ ነው፤ አጻጻፋቸው አርጅቷል፣ ዛሬ በኤች የሚጻፈውን ቴምቡ ያለ ኤች ታገኙታላችሁ። ጽሑፉን በፎቶ ሳይሆን በተተየበ ፋይል ይላኩ፣ የት የት መስመር እንደሚሰበርም ምልክት ያድርጉ። ናሙናው ሲመጣ ለዚያው ትልቅ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡላቸውና እሺ ሲሉ ብቻ ያሳትሙ።