ጥሬ መጨመር ወይስ ቪጋን መሆን? የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ጉሊት፣ ጁስ ቤትና የጾም ምግብ ቤት ሲመዘኑ

ከቃሊቲ ወዲያ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አመጋገቡን ማስተካከል የፈለገ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ቪጋን ሁን፣ ማለትም ሥጋውንም ወተቱንም እንቁላሉንም ለዘለቄታው ተው ይላል። ሌላው የለመድከውን ብላ፣ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ግን ጨምርበት ይላል። ሁለቱንም ከሰፈር ሳይወጡ መሞከር ይቻላል፤ የጾም ምግብ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱና ጉሊቱ አንድ መንገድ ላይ ናቸው። እኛ ሦስቱንም መዝነን ለአብዛኛው ሰው ጥሬ መጨመሩ ይሻላል ብለናል። አንድ ሁኔታ ግን አለው፤ ጥሬው ከየት መጣ፣ በምንስ ታጠበ የሚለው መልስ ማግኘት አለበት።

የጾም ምግብ ቤቶቹ ከሦስቱ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ረቡዕና ዓርብ በኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ የሚቀርበው በያይነቱ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንችና ቀይ ሥር አለው። ጥራጥሬው ከጤፉ ጋር ሲበላ ፕሮቲኑ ይሟላል። ሊጡ መቡካቱ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስደዋል። ጉድለቱ ሁሉም ነገር ረጅም ጊዜ መብሰሉ ነው። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፣ በውሃም ይሟሟል፤ ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ዘይቱም ይበዛል። ስለዚህ ስታዝዙ ሁለት ቃሪያ ስንግና አንድ ሎሚ ጨምሩ። ሎሚውን ምስሩና ሽሮው ላይ መጭመቅ ብረቱ በደንብ እንዲወሰድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚያግዱ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ጨጓራ ያለበት ሰው ቃሪያውን ይተው፤ ብርቱካን ከተስማማው ይብላ፤ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ወደ 70 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው፣ አዋቂ በቀን የሚፈልገው ደግሞ ከ75 እስከ 90 ነው።

እዚህ ላይ ጾምና ቪጋንነት አንድ ተደርገው መታየታቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15፤ ሁለቱም ይፈታሉ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስለሚያከማች ጾሙ ሲፈታ የጎደለው ይተካል። ቪጋን የሆነ ሰው ግን ፍስክ የለውም። ብዙ ጿሚ የሚበላውን ማር እንኳ ይተዋል። ክምችቱ ቀስ በቀስ ሲያልቅ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ ይመጣል፤ የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። እንጀራም ሆነ ጥሬ አትክልት ይህን አይሸፍንም። ቪጋን ለመሆን የቆረጠ ሰው ከፋርማሲ የቢ12 ክኒን ይግዛ፦ በየቀኑ ቢያንስ 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንዴ 2000 ማይክሮግራም። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን ሐኪም ሳያማክሩ ቪጋንነቱን አይጀምሩ።

ወደ ጉሊቱ ስንመጣ ነጥባችን ለሁለት ይከፈላል። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ብዙውን ጊዜ ከመቂና ከባቱ አካባቢ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ በኃይሌ ጋርመንት የጅምላ ገበያ በኩል ይመጣል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። የሚያሳስበን ቅጠሉ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ቶሎ ስለሚጠወልግ ከቅርብ ነው የሚመጣው፤ ከቅርቡ ማሳ ደግሞ ከፊሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ይጠጣል። ወንዞቹ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱት የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን፣ በተለይም የቆዳ ፋብሪካውን፣ ዝቃጭ ይዘው ነው። በዚህ ውሃ የበቀለ ቅጠል ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ጀርምና የትል እንቁላል ነው፤ ይህ ይታጠባል። ሁለተኛው እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያለው ከባድ ብረት ነው። ሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ባለጉሊቷን «እናቴ፣ ይሄ ሰላጣ በምን ውሃ የበቀለ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጉድጓድ ውሃ የበቀለ ከሆነ ይገዛል፤ መልሱ ካልጠራ አትውሰዱት፣ በምትኩ ካሮት ወይም ኪያር ይሻላል።

አጠባቡ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ሰላጣውን ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ቅጠል በቅጠል ለዩት፤ አፈሩም የትሉ እንቁላልም የሚደበቀው ግንዱ ሥር ነው። እያንዳንዱን ቅጠል በሚወርድ ውሃ ሥር በጣት እሹት። የአስካሪስ (የወስፋት) እንቁላልና የአሜባ ዛጎል በረኪናም አቼቶም በቀላሉ አይገድላቸውም፤ የሚያነሣቸው እሽታው ነው። ከዚያ በ3 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ። በረኪናው ሽቶ የሌለው፣ ጥንካሬው 5 በመቶ አካባቢ የሆነ ይሁን። ቅጠሉን ለ5 ደቂቃ ነክራችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በአንድ ሳህን በጭራሽ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቅጠሉን መጀመሪያ ከትፎ በኋላ ማጠብም ስሕተት ነው፤ ቆሻሻው በተቆረጠው በኩል ይገባል፣ ቫይታሚኑም ይወጣል።

ይህ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፣ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። እኛ የምንመክረው ውሃ በመጣበት ቀን ቅጠል፣ በጀሪካን በምትኖሩበት ቀን የሚላጥ ነገር እንድትበሉ ነው፦ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ካሮት። የሚላጠውም ከመላጡ በፊት ይታጠብ፤ ካልታጠበ ቢላዋው ከላይ ያለውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። መጠኑ በአንድ ምግብ አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጫንበት ይነፋል።

ምግቡን በሙሉ ጥሬ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ግን ይህን ይመልከት። አንድ ኪሎ ቲማቲም የሚሰጠው 180 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው፤ ጉልበት የሚሠራ ሰው በዚህ አይውልም። ካሮት በትንሽ ዘይት ሲበስል ቫይታሚን ኤው ይበልጥ ይወሰዳል። ጥሬ ጥቅል ጎመን በየቀኑ በብዛት መብላት አዮዲን ለሚጎድለው ሰው እንቅርትን ያባብሳል፤ ጨዋችሁ አዮዲን ያለው ይሁን፣ ምግቡ ከበሰለ በኋላ ይግባ። ቦሎቄ ጥሬውን መርዛማ ነው፦ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ እስኪለሰልስ ድረስ በደንብ አፍሉት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከቆላው ይልቅ ጊዜ ስጡት፤ ለብ ባለ እሳት ላይ ማቆየት መርዙን አያጠፋውም። ጥሬ ሥጋም ከጥሬ ምግብ ይቆጠራል የሚል ካለ፣ የኮሶ ትል የሚገኘው እዚያ ነውና በዚህ ምክር ውስጥ አናስገባውም።

ጁስ ቤቶቹ መካከለኛ ናቸው። ስፕሪሱ ተፈጭቶ እንጂ ተጠልሎ ስለማይቀርብ ጭረቱ (ፋይበሩ) አብሮት አለ፤ አቮካዶው ያጠግባል፣ ፓፓያውና ማንጎው ቫይታሚን ኤና ሲ ይሰጣሉ። የሚያበላሸው ስኳሩና ከላይ የሚፈስሰው ቪምቶ ነው። ፍሬው የሚፈጨው በቧንቧ ውሃ ከሆነም ቤት ውስጥ የደከማችሁበት እጥበት ከንቱ ይሆናል። በታሸገ ውሃ ይፈጭልኝ፣ ስኳርም ቪምቶም አይግባ፣ ሎሚ ብቻ ይጨመር በሉ። ፍሬው ቀድሞ ተቆርጦ ከተቀመጠና መብራት ጠፍቶ ከቆየ አትዘዙ። ማሽኑ በትእዛዞች መካከል ሲታጠብ ከታያችሁ ግን እዚያ ቤት ደጋግማችሁ ግቡ።