አልሙኒየምን ከብረት ጋር ለማያያዝ፦ ሪቬት፣ ብሎን ወይስ ማጣበቂያ?

በረንዳችሁን በአልሙኒየምና በመስታወት ልታስዘጉ ነው? ዓምዱስ ብረት ነው? እንግዲያው ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ባለሙያውን "ሁለቱን በምን ልታያይዛቸው ነው?" በሉት።

"እበይደዋለሁ" ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብረት ግን 1,500 ገደማ ይፈልጋል። ብረቱ ገና ሳይቀልጥ አልሙኒየሙ ፈስሶ ያልቃል። እንደምንም ቢያያዙ እንኳ መሐላቸው የሚፈጠረው ቅይጥ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። መርከብ ሠሪዎች በፈንጂ ኃይል የተጣበቀ፣ በአንድ ጎኑ ብረት በሌላው አልሙኒየም የሆነ ጠፍጣፋ ገዝተው ይበይዳሉ። ለጎንደር በረንዳ ግን ይህ የሚታሰብ አይደለም።

ሪቬት (በቀዳዳ ገብቶ የሚመታ፣ የማይፈታ ማያያዣ) ርካሽ ነው፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ለቀጭን ሽፋን ይበቃል። ከላላ ግን አይጠብቅም፤ በድሪል አውጥቶ አዲስ መምታት ነው። ደግሞ ትንሿ የአልሙኒየም ሪቬት ትልቅ ብረት ላይ ስትመታ፣ እርጥበት ካገኛት ቶሎ ትበላለች። ሰው የሚደገፍበት ቦታ ላይ አልመክራትም።

እኔ የምመርጠው ብሎን ነው። ይጠብቃል፣ ይፈታል፣ ይቀየራል። ግን በአግባቡ ይታሰር። አልሙኒየሙና ብረቱ በእርጥበት ከተነካኩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። የእኔን በረንዳ የሠራልኝ ሰው በመሐል ምንም አላስገባም ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ በብሎኑ ራስ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወጣ። በጨርቅ ጠረግሁት፤ ተመልሶ መጣ። ሲፈታ ቀዳዳው ዙሪያውን ተበልቶ ሰፍቷል። አንዲት ቁራጭ ጎማ ብትገባበት ኖሮ! እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ብረቱ አስቀድሞ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። በመሐል የጎማ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ይግባ፤ ከብሎኑ ራስ ሥርም የፕላስቲክ ሮንዴላ ይሁን። ስቴንለስ ብሎን ጥሩ ነው፤ ንጣፉን ግን አይተካም። ቀዳዳውንም ሞላላ አስደርጉት። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ከሌሊት ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ የ30 ዲግሪ ለውጥ ቢኖር፣ በ3 ሜትር ፍሬም ላይ ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቀን በቀን መገጣጠሚያውን ይነቀንቀዋል።

ማጣበቂያ ስል ኢፖክሲን ነው፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ጠንካራ ሙጫ። ሲሊከን ውኃ ይዘጋል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ኢፖክሲ በመሐል ገብቶ አልሙኒየሙና ብረቱ እንዳይነካኩ ያደርጋል፣ ቀዳዳም አይፈልግም። ግን ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ከዘይትና ከአቧራ መጽዳት አለበት። በነሐሴ ዝናብ፣ ሁሉ ነገር ረጥቦ እያለ እንዲለጠፍላችሁ አትፍቀዱ። አንዴ ከያዘ ደግሞ መፍታት ጣጣ ነው።

ለእጅ መደገፊያ ከሆነ ሙሉውን ብረት አሠሩት፤ ብረት ከብረት ይበየዳል፣ ነገሩ አለቀ። ለመስታወቱ ፍሬም ብሎን ከነንጣፉ። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ የብሎኖቹን ዙሪያ በጣት ዳሰስ አድርጉ። ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አስፈቱት።